ዘይቱ አሸዋው ላይ ከመፍሰሱ በፊት

ድሬዳዋ ውስጥ የሞተር ዘይት መቀየር የጠዋት ሥራ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ አስፋልቱም አሸዋውም ይግላል፤ መኪና ሥር በጀርባው የተኛን ሰው ከላይ ሞተሩ፣ ከታች መሬቱ ይጠብሰዋል። ስለዚህ በሳቢያንም ሆነ በለገሃሬ፣ በገንደ ቆሬም ሆነ በአዲስ ከተማ፣ መኪናውን በገዛ እጁ የሚንከባከብ ሰው ማልዶ ይነሣል። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ዘይቱን ያሞቀዋል፣ ካርቶን ያነጥፋል፣ በክሪክ ያነሣል፣ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ያስደግፋል፣ 14 ቁልፉን ይዞ ይገባል።

ቀጥሎ የሚሆነውን መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን መጀመሪያ እምቢ ይላል። ቁልፉ ላይ የብረት ቧንቧ ተሰክቶ ይገፋል። ከላላ በኋላ በጣት ይዞራል፤ የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ ዘይቱ ባንድ ጊዜ ይወረወራል። ትኩሱ ጥቁር ዘይት በክንድ ላይ እስከ ክርን ይወርዳል፣ ቡሎኑ ከጣት አምልጦ ገንዳው ውስጥ ይሰምጣል፣ የመጀመሪያው ፍንጥቅጣቂ ከገንዳው አልፎ አሸዋው ላይ ያርፋል። ዘይቱ እያነሰ ሲሄድ የሚወርድበት ቦታም ይለወጣል። መጀመሪያ ራቅ ብሎ የተወረወረው ኋላ ቀጥ ብሎ ይንጠባጠባል፤ ገንዳውን አብሮ ያላንቀሳቀሰ ሰው እንደገና ያፈሳል። ሥራው ሲያልቅ መሬቱ ላይ አንድ ጥቁር ክብ ይቀራል። አሸዋ ይበተንበትና ይረሳል።

ያንን ክብ የሚያስቀር አንድ ትንሽ የነሐስ ዕቃ አለ። ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። አንደኛው ጫፉ እንደ ቡሎኑ ጥርስ አለው፤ በቡሎኑ ፋንታ ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ፣ በኮፓው ላይ ይታሰራል። ሆዱ ውስጥ መሐሏ የተበሳ ኳስ ተቀምጣለች፤ ጎኑ ላይ አጭር እጀታ አለች። እጀታዋ ወደ አንዱ ወገን ስትዞር የኳሷ ቀዳዳ ከመውጫው ጋር ይገጥምና ዘይቱ ይወርዳል። ሩብ ዙር ስትመለስ የኳሷ ድፍን ጎን መንገዱን ይዘጋል። ጫፉ ላይ ቱቦ የሚሰካበት ዓይነት ከሆነ ዘይቱ ከሞተሩ ወጥቶ በቀጥታ ጀሪካን ውስጥ ይገባል። ገንዳ አያስፈልግም፣ ከገንዳ ወደ ጀሪካን መገልበጥ አያስፈልግም፣ ቁልፍም አያስፈልግም።

በዓለም ገበያ ከሚታወቁት አንዱ የጃፓኑ ፉሞቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ይሠራል። የጀርመኑ ሽታልቡስ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። እጀታ የለውም፤ ክዳኑ ተነሥቶ ቱቦ ያለው ማገናኛ ሲታሰርበት ማገናኛው ራሱ ውስጡን ገፍቶ ይከፍተዋል። ሁለቱም ያው ሥራ ይሠራሉ፤ ልዩነታቸው የእጀታዋና የክዳኑ ነው።

ዘይት ወይም ውሃ ከማሽን ሆድ በቧንቧ ማውጣት እንደ አዲስ ብልኃት ቢቀርብም ዕድሜው ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ከሞተሩ ሥር ሁለት ትንንሽ ቧንቧዎች ነበሩት፤ አሽከርካሪው እነሱን እየከፈተ የዘይቱ መጠን የት እንደደረሰ ያይ ነበር። እንደ ሴስና 172 ባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ ፈጣን የዘይት ማፍሰሻ የተለመደ ዕቃ ነው። ለድሬዎች ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን ባቡሩ ነው። የእንፋሎት ባቡር ሲሊንደሮች ሥር የማፍሰሻ ቧንቧዎች አሉ፤ ባቡሩ ቆሞ ሲቀዘቅዝ የሚጠራቀመው ውሃ ሲነሣ በእነሱ በኩል ካልወጣ ሲሊንደሩን ይሰብረዋል። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ የምድር ባቡሩ ትልቅ የጥገና ወርክሾፕ የነበረባት ከተማ ናት። ቧንቧ ከፍቶ ማሽንን ማስተንፈስ ለድሬ የእጅ ባለሙያ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ባዕድ የሆነው ያንኑ ቧንቧ አውቶሞቢል ሥር ማየት ነው።

ሳቢያን ውስጥ አንዱን ሲሠራ አይቼዋለሁ። መኪናዋ ነጭ ቪትዝ ናት፤ ባለቤቷ ወጣት ነው፤ ቧንቧዋን ውጭ አገር የሚኖር ወንድሙ ለዓረፋ ሲመጣ በሻንጣው ይዞለት ገብቷል። ከጎኑ የቆመው ዕድሜውን በጋራዥ የፈጀ መካኒክ ነው፤ ስለ ዕቃዋ ሰምቶ እንጂ አይቷት አያውቅም። ወጣቱ መኪናዋን እንኳ በክሪክ አላነሣትም። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ወፍራም ጣውላ ላይ አወጣ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ሰካ። የቱቦውን ሌላ ጫፍ በባዶ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አፍ ከተተ። እጀታዋን በአውራ ጣቱ ትንሽ ገፋ አድርጎ ካለችበት ጎድጓዳ አወጣት፤ ከዚያ አዞራት።

ምንም አልፈሰሰም። እኔም መካኒኩም ጀሪካኑን እያየን ነበር። ግልጽ በሆነው ቱቦ ውስጥ ጥቁር ዘንግ የመሰለ ነገር ወረደ፤ የጀሪካኑ ግርጌ ጠቆረ፣ ቀስ እያለም ወደ ላይ መጣ። መካኒኩ ቁና ቁና እያለ ተንበርክኮ ዓይኑን ኮፓው ላይ አሳረፈ። በጣቱ የቧንቧዋን አንገት ዙሪያውን ዳሰሰና ጣቱን ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። ደረቅ ነበር።

«አቦ፣ ይቺ የደንገጎን ዳገት ትችላለች?» አለ።

«በሳምንት ሁለቴ ሐረር ትወጣለች፤ ጠብ ብላ አታውቅም» አለው ወጣቱ።

«ድንጋይስ?»

«እሱን ፍራ» አለ ወጣቱ፤ ከቧንቧዋ ፊት ለፊት ከታች ያሳሰረውን ወፍራም ላሜራ በጣቱ እያንኳኳ።

የመካኒኩ ሁለት ጥያቄዎች ስለዚህ ዕቃ መጠየቅ ያለባቸው ዋናዎቹ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ሙቀትና ስለ ጫና ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ ሐረርም ሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው መንገድ ደንገጎን ሲወጣ በጥቂት ኪሎሜትር ውስጥ ብዙ መቶ ሜትር ይነሣል። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር ዘይቱ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ክፍተት ባገኘበት ሁሉ ይወጣል። ጥሩ የተሠራ የኳስ ቧንቧ ይህን ይችላል፤ ምክንያቱም ኮፓው ውስጥ ያለው ዘይት የሚቀመጠው ያለ ግፊት ነው። ፓምፑ ዘይቱን በግፊት የሚልከው ወደ ብሮንዚኖቹና ወደ ቴስታታው ነው፤ ቧንቧዋ ግን የምትሸከመው የዘይቱን ክብደት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ቧንቧዋ መንገድ ላይ «ትፈነዳለች» ብሎ የሚፈራው ይህን ስለማያስተውል ይመስለኛል።

ከሩቅ ሲታይ የሚያሰጋው በራሷ ጊዜ መከፈቷ ነው። እጀታዋ ጎድጓዳ ውስጥ የምታርፈው በስፕሪንግ ተገፍታ ነው፤ ለመዞር መጀመሪያ መገፋት ወይም መነሣት አለባት። በንዝረት ብቻ ከቦታዋ አትወጣም። ለተጨማሪ መተማመን እጀታዋን የምትቆልፍ ትንሽ ቅንጥብ ትሸጣለች፤ ቅንጥቧ ከሌለች በቀጭን ሽቦ ወይም በፕላስቲክ ማሠሪያ ማሰር ይበቃል። መኪናው ሌሊት ደጅ የሚያድር ከሆነ ግን የፕላስቲክ ማሠሪያውን አልመክርም፤ በእጅ የሚከፈት ነገር በማንም እጅ ይከፈታልና።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የድንጋዩ፣ የምሩን የከበደ ነው። ቧንቧዋ ከቡሎኑ ይልቅ ወደ ታች ትረዝማለች። ቱቦ የሚሰካበት ጫፍ ያላት ደግሞ የባሰ ትወርዳለች። የኮብልስቶን መንገድ አያሠጋም፤ የሚያሠጋው ከከተማ ወጥቶ ኮረኮንች ላይ የሚሮጥ፣ ወይም ውሃ የሌለውን የወንዝ አሸዋ ለማቋረጥ የሚገባ መኪና ነው። ቡሎኑ ቢመታ ይጫራል፤ ቧንቧዋ ብትመታ ልትሰበር ትችላለች፤ ከተሰበረች ሙሉ ዘይቱ በጥቂት ደቂቃ ይወጣል፣ አሽከርካሪው የዘይት መብራቱን አይቶ ወዲያው ካላጠፋ ሞተሩ ያልቃል። ስለዚህ ቦታው ይታይ። በብዙ መኪናዎች ላይ የዘይት ቡሎኑ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን የዞረ ነው፤ ከፊቱ ያለው የኮፓው አካል ራሱ ይከልለዋል። ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የሚያይ ከሆነ ግን ያለ መከላከያ ላሜራ ቧንቧዋን መግጠም ድፍረት ነው። ጫፏ አጭር የሆነውን ዓይነት መምረጥም ይረዳል።

ሌላም ጉድለት አላት። ቀዳዳዋ ከቡሎኑ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ የቸኮለን ሰው ታሰለቻለች። የጥርሷ ጫፍ ከኮፓው ወለል ትንሽ ከፍ ካለ ከሥሩ ጥቂት አሮጌ ዘይት ይቀራል። ይህ ለሞተሩ የሚያመጣው ጉዳት የለም፤ ብዙ ጊዜ ዘይቱ ሳይቀየር ቆይቶ ኮፓው ውስጥ ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ላጠራቀመ ሞተር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዝቃጩ በጠባቡ ቀዳዳ አይወጣም። እንዲህ ያለው ሞተር መጀመሪያ በቡሎኑ ሰፊ ቀዳዳ ደኅና አድርጎ መታጠብ፣ ካስፈለገም ኮፓው ወርዶ መጽዳት አለበት፤ ቧንቧዋ ከዚያ በኋላ ትግጠም። ፊልትሮውን ደግሞ ቧንቧዋ አታወርደውም። ፊልትሮ ሲፈታ ያው ዘይት ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ መያዝ የግድ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለ ለምን ትገጠማለች? አንደኛው ምክንያት የኮፓው ጥርስ ነው።

በአቧራና በሙቀት የሚሠራ መኪና ዘይቱ በየ5,000 ኪሎሜትሩ ቢቀየር ደግ ነው። 200,000 ኪሎሜትር የሄደች ኮሮላ እንግዲህ ቡሎኗ 40 ጊዜ ተፈትቶ 40 ጊዜ ታስሯል። የብዙዎቹ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ቡሎን ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊሜትር ነው፤ የሚገባውም ቀጭን ቆርቆሮ ላይ በተበየደ ድድ ወይም አሉሚኒየም ላይ ነው። ሮንዴላው በየጊዜው መቀየር ሲገባው አሮጌው ተመልሶ ይገባል፤ ትንሽ ሲያንጠባጥብ «አጥብቀው» ይባላል፤ ረዳቱ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ያጠብቀዋል። አንድ ቀን ቡሎኑ ይዞራል ይዞራል፣ አይጠብቅም። ጥርሱ ተበልቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው የጋራዥ ጥበብ ብዙ ነው። ማስኪዮ አስገብተው ቀዳዳውን ያሰፉና ቶርኖ ቤት ወፍራም ቡሎን ያሠራሉ። ሲሊኮን ይቀባሉ፣ ክር ይጠመጥማሉ፣ የባሰበት እንደሆነ ቡሎኑን ከኮፓው ጋር በይደው ዘይቱን ከላይ በቱቦ ይመጡታል። አንዳንዱ ሌላ ኮፓ ፍለጋ ወደ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ይሄዳል። ቧንቧዋ ይህን ሁሉ ታስቀራለች፤ አንድ ጊዜ ትገባለች፣ በልክ ትጠብቃለች፣ ከዚያ በኋላ የኮፓውን ጥርስ የሚነካው የለም።

ይህ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። መንገድ ላይ ያለችው ቪትዝ፣ ያለችው ኮሮላ፣ ገና ለብዙ ዓመት እንድትሠራ የተፈረደባት ናት። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ኮፓውን እንደ ጥርሱ ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ለእኔ ከመጀመሪያው የሚበልጠው፣ አሸዋው ነው።

ድሬዳዋ ውሃዋን የምታገኘው ከሥሯ ነው። ደቻቱ ዓመቱን በሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው፣ ሰው ያቋርጠዋል፣ ገበያ ይቆምበታል። ከተማዋ የምትጠጣው ከሳቢያንና ከሌሎች የጉድጓድ ሥፍራዎች ከሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከደቡብ ካለው ተራራ የሚወርደው ዝናብ በአሸዋውና በጠጠሩ፣ ከዚያም በተሰነጣጠቀው የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ይከማቻል። አሸዋ ውሃ የሚያሳልፈው ደግና ክፉውን ለይቶ አይደለም። በከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ከፍተኛ የናይትሬት መጠን በጥናት መገኘቱ የሚታወቅ ነው፤ ከሚጠቀሱት ምንጮች አንዱ የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ የለቀቀው ነገር ወደ መጠጥ ውሃው መንገድ ካገኘ፣ ጋራዥ ያፈሰሰው ዘይት መንገድ የሚያጣበት ምክንያት የለም።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከአንድ የመኪና ዘይት ለውጥ የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል ይላል። አንድ ሚሊዮን ጋሎን 3.8 ሚሊዮን ሊትር ያህል ነው። የ1.3 ወይም የ1.5 ሊትር ሞተር ያላት ቪትዝ ወይም ኮሮላ ከነፊልትሮዋ የምትወስደው ዘይት 3.7 ሊትር ገደማ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ውሃ ብናስብ 3.8 ሚሊዮን ሊትር ከ200 ለሚበልጡ ሰዎች የዓመት ውሃ ነው። እያንዳንዱ የፈሰሰ ዘይት ጉድጓድ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ ብዙው አፈር ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት ሲፈስ የሚጠራቀመው ብዙ ነው፣ አፈሩም ጠግቦ የማይይዝበት ጊዜ ይመጣል።

የተቃጠለ ዘይት እንደ አዲሱ ዘይት አይደለም። ሞተር ውስጥ ሲሽከረከር የቆየ ዘይት ከፋሻውና ከብሮንዚኑ የተፋቀ ብረት፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ ጥቀርሻ፣ ከጥቀርሻውም ጋር ካንሰር የሚያስከትሉ ኬሚካሎች ይዟል። በተደጋጋሚና ለረጅም ጊዜ ቆዳን ሲነካ ጉዳት አለው። በጋራዥ ሠፈር ያሉ ልጆች፣ ገና ጢም ያላበቀሉ ረዳቶች፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በዚህ ዘይት ነክረው ይውላሉ፣ በቤንዚን ይታጠባሉ፣ በዚያው እጅ ምሳ ይበላሉ። ይህ ያሳዝነኛል። በክንዳቸው ላይ ዘይት እንዳይፈስ የሚያደርግ የነሐስ ቧንቧ በአንድ መኪና ላይ ሲገጠም ከነሱ ክንድ አንድ ዘይት ለውጥ ይቀንሳል፤ በአሥር መኪና ላይ ሲገጠም አሥር።

ሰው ዘይቱን ሁልጊዜ በቸልታ የሚደፋው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጥቅም አለው ብሎ ነው። የአጥር እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይቀባል። ሕንፃ የሚሠሩ ሰዎች ኮንክሪት እንዳይጣበቅ ጣውላውን ያጠጡታል። ግቢው አቧራ እንዳይነሣበት የሚረጨውም አለ፤ የድሬን ነፋስ ቁጣ የቀመሰ ሰው ለምን እንደሚረጭ ይገባዋል። እንጨቱን የቀባው ከሁሉ ይሻላል። ግቢ ላይ የሚረጨው ግን ልጆች የሚጫወቱበት አፈር ላይ ነው፣ ዝናብ ሲመጣም አብሮ ይሄዳል። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በገደለ ጊዜ ውሃው ከዳርቻው ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ የመጡትም ጎርፎች እንዲሁ ናቸው፤ በበጋ አሸዋው ላይ የተጣለውን ሁሉ በክረምት ያነሡታል።

ስለዚህ ቧንቧዋ በእኔ ዓይን ከምቾቷ ይልቅ የምትመዘነው ዘይቱን ከመሬት ሳይነካ ጀሪካን ውስጥ በማስገባቷ ነው። ምቾቱ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ሰው የሚያስቸግረውን ነገር ደጋግሞ አያደርግምና። ቱቦ ሰክቶ ጀሪካን መሙላት ገንዳ ጎትቶ ከመገልበጥ ከቀለለ ዘይቱ ይሰበሰባል።

ለመግጠም የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፣ ግን ልክ መሆን አለበት። ከሁሉ በፊት የቡሎኑ መጠን በካሊፐር ይለካ፤ የጥርሱ ርቀትም ይለካ። ቶዮታ 12 በ1.25 ስለሆነ ለሱ የሚሆነው የፉሞቶ ቧንቧ ኤፍ 103 ይባላል። ብዙዎቹ ሆንዳና ሂዩንዳይ፣ እንደ ዲዛየር ያሉ ሱዙኪዎችም፣ 14 በ1.5 ናቸው። መጠኑ «ይቀርባል» ተብሎ በግድ የገባ ቧንቧ በአንድ ጊዜ የኮፓውን ጥርስ ያጠፋል። ከዚያ አሮጌው ዘይት በደንብ ይውረድ፣ የኮፓው አፍ በጨርቅ ይጥረግ፣ አሮጌው ሮንዴላ ተጣብቆ ከቀረ ይነሣ። ቧንቧዋ ከራሷ ሮንዴላ ጋር በመጀመሪያ በእጅ ትግባ። በእጅ ሦስት አራት ዙር በቀላሉ ካልገባች አንድ ነገር ተሳስቷል፤ ወጥታ ትታይ። በቁልፍ ስትጠብቅ ነሐስ ለስላሳ መሆኑን ማስታወስ ነው፤ የቡሎኑ ጉልበት እዚህ አይሠራም። እጀታዋ የመኪናውን ሆድ ወይም ሌላ ብረት ሳትነካ መዞር መቻሏን ማየት ያስፈልጋል። አዲሱ ዘይት ከተጨመረ በኋላ ሞተሩ ይነሣ፣ ከሥር ይታይ፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላም ደግሞ ይታይ። የተፈታው ቡሎን አይጣል፤ ዳሽቦርዱ ውስጥ ከአዲስ ሮንዴላ ጋር ይቀመጥ። ቧንቧዋ ከከተማ ርቆ መንገድ ላይ ብትመታ የሚያድነው እሱ ነው።

ገበያ ላይ የሚመስሏትም አሉ። ክብደቷ የቀለለ፣ እጀታዋ የምትንገዳገድ፣ ስትዞር ኳሷ የምትንኮራኮር ከሆነች መተው ነው። የዘይቱ ሁሉ ዕጣ በአንዲት ኳስ ላይ ነውና ለዚህ ዕቃ ርካሽ መፈለግ አያዋጣም።

ባጃጅ ላይ ግን አልመክራትም። ከመሬት ያላት ከፍታ ትንሽ ነው፣ በየጉድጓዱ ትገባለች፣ የምትይዘው ዘይትም ጥቂት ነው። ነገር ግን ዘይቷ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ ብዛቷም በድሬ ጎዳናዎች ላይ ለማንም የሚታይ ነው። ለባጃጅ የሚያስፈልገው ቧንቧ ሳይሆን በየማቆሚያዋ አካባቢ የሚቀመጥ ገንዳና ክዳን ያለው በርሜል ነው።

በርሜሉም ጥያቄ ያስነሣል። ወጣቱ ቪትዟን ጨርሶ የጀሪካኑን ክዳን አጥብቆ ጥላ ውስጥ ሲያስቀምጠው «ከዚያስ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሲሞላለት ለአንድ አናጺ እንደሚሰጠው ነገረኝ። መካኒኩ ደግሞ የእሱ ጋራዥ ሁለት በርሜል እንዳለው፣ አልፎ አልፎ ለማገዶ የሚወስዱት ሰዎች እንደሚመጡ፣ ካልመጡ ግን በርሜሉ ሞልቶ እንደሚፈስ አልደበቀኝም። አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1090 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ኢትዮጵያ የተቀላቀለችው የባዝል ስምምነትም የማይፈለግ የማዕድን ዘይትን ከሚቆጣጠራቸው ቆሻሻዎች መካከል ቆጥሮታል። ወረቀቱ አለ። በርሜሉን የሚያነሣ መኪና ነው የሚጎድለው።

ድሬዳዋ ለዚህ ከብዙ ከተማ የተሻለ ዕድል አላት እላለሁ። የሲሚንቶ ከተማ ናት። የሲሚንቶ እቶን ክሊንከር ለመሥራት እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ በብዙ አገሮች የተቃጠለ ዘይት በቁጥጥር እንደ ነዳጅ የሚገባው እንዲህ ባለ እቶን ነው፤ ዝቅተኛ ሙቀት ባለው የዳቦ ምድጃ ወይም የጡብ ጉድጓድ ሲቃጠል የሚወጣው መርዛም ጭስ እዚያ ውስጥ ይሰባበራል። ዘይቱን አጥርቶ መልሶ ዘይት ማድረግም ይቻላል፤ ከአንድ ጋሎን የተቃጠለ ዘይት ከግማሽ በላይ የሚሆን ጥሩ ዘይት እንደሚወጣ ይኸው የአሜሪካው ድርጅት ያስረዳል። ለሁለቱም የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ነገር ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ መሰብሰቡ ነው። ከውሃ፣ ከቤንዚን፣ ከፍሬን ዘይትና ከራዲያተር ውሃ ጋር የተቀላቀለ ዘይት ማንም አይወስደውም። በገንዳ መሬት ላይ ተቀምጦ አሸዋና ቅጠል የገባበትም እንዲሁ። በቱቦ ከኮፓ ወደ ጀሪካን የወረደው ግን ከሞተሩ ይዞት ከወጣው በቀር ምንም አልተጨመረበትም።

መካኒኩ ከመሄዱ በፊት ስልኩን አውጥቶ የቧንቧዋን ፎቶ አነሣ፤ ጎኗ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ደግሞ በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፈ። ጋራዡ ውስጥ የኮፓዋ ጥርስ ተበልቶ ቶርኖ ቤት በሠራላት ወፍራም ቡሎን በኩል የምታንጠባጥብ የታክሲ ኮሮላ እንዳለች ነገረን፤ ለሷ ምን መጠን እንደሚሆን ወጣቱን ጠየቀው። ወጣቱ ቶርኖ ቤቱ ያሰፋውን ቀዳዳ ሳይለኩ መልስ እንደሌለ ነገረው። ተያይዘው ካሊፐር ፍለጋ ሄዱ።